ሰሙ የት ሄደ?

ሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። ከምሳ በኋላ ያለ ክፍለ ጊዜ፣ ግማሾቻችን እያንቀላፋን፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አምስት ሥዕሎች በተራ ሣለ። መጀመሪያ የምትፈልገውን ዕቃ በሰም ትሠራዋለህ። ሰሙን ጭቃ በሚመስል ነገር ደጋግመህ ትለብጠዋለህ። ልባጡ ሲደርቅ ታሞቀዋለህ፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ውስጡ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠ ብረት ታፈስበታለህ። ሲበርድ ልባጡን ትሰብራለህ። የአውሮፕላን ሞተር ተርባይን ምላጮች የሚሠሩት እንዲህ ነው አለን። ፈተና ላይ እንደሚመጣም ነገረንና ሰሌዳውን አጠፋው።

እኔ ደብተሬ ጥግ ላይ "ሰምና ወርቅ" ብዬ ጻፍኩ።

ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ተማሪ ነበርን። አብዛኞቻችን ሰምና ወርቅን ለአማርኛ ፈተና ሸምድደን ያለፍን ነን፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ የተደበቀው ወርቅ ብለን። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። እጄን አውጥቼ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ቅኔ ነው" ብል ክፍሉ እንዴት እንደሚስቅብኝ መገመት አያቅትም። አሥረኛ ክፍል ጨርሰን ናቹራል ወይስ ሶሻል ተብለን ስንለይ፣ ቅኔው ከሶሻሎቹ ጋር ሄዷል። እኛ ጋ የቀረው ቀመር ነው።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ያደግኩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ካሉት ገጠሮች በአንዱ ነው። በዚያ አገር ቅኔ የመማሪያ መጽሐፍ ርዕስ አይደለም፤ ኑሮ ነው። ቅኔ ከሚታወቅባቸው ሦስት ዋና ዋና ቤቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የእኛው ናቸው፤ ሦስተኛው ዋድላ ነው፣ እሱ የወሎ ነው። ልጅ ሆኜ ደበሎ የለበሱ፣ አኮፋዳ ያነገቱ ተማሪዎች በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ሲዞሩ አይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ አንድ እያሉ ወደ ዛፎቹ ጥግ ይሄዱና ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ምን እየሠሩ ነው ብዬ ስጠይቅ "ቅኔ እየቆጠሩ ነው" አሉኝ። ዛፎቹን የሚቆጥሩ ይመስለኝ ነበር። ቅኔ ማውጣት "መቆጠር" መባሉ ያኔ አልገረመኝም። አሁን ነው የሚገርመኝ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ቤቱን፣ ዜማውን፣ የግእዙን ግስና አገባብ ሁሉ አስተካክሎ ነው ምሥጢር የሚገባበት። መቆጠር ማለታቸው ልክ ነበር።

እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት እዚያው የኔታ ዘንድ ነው። ዳዊት ሳልደግም አባቴ አውጥቶ አስኳላ ከተተኝ።

ከየኔታ ጉባኤ ቤት ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ወረድ ሲባል ደግሞ የአንጥረኛው ቤት ነበር። ብር ያቀልጣል፣ መስቀል ይሠራል፣ ለሠርግ አምባርና ጉትቻ ይሠራል፣ ሥራ ሲጠፋ ማረሻና ማጭድም ይቀጠቅጣል። ልጁ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። ስለዚህ ቤት ምን ይባል እንደነበር በደጋው ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ያላደገውም ሰምቶታል። ጠይብ ናቸው፣ ሌሊት ይለወጣሉ፣ ዓይናቸው ይበላል። አንድ ጊዜ ጓደኛዬ እኛ ቤት ውኃ ጠጣ። እሱ ከሄደ በኋላ እናቴ የጠጣበትን ቅል ሰብራ ጓሮ ጣለችው። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው፤ "ጻፈው፣ አድርጌዋለሁ" ነው ያለችኝ።

የእኔ ግን ከዚያ ይብሳል። የቡሄ ለት ሆያ ሆዬ እያልን በየቤቱ ስንዞር ግጥም አውጪው እኔ ነበርኩ። ለእያንዳንዱ ቤት የሚስማማ ግጥም እዚያው ፈጥሬ አወጣለሁ፣ በዚህም እኮራ ነበር። አንጥረኛው ቤት ስንደርስ እናትየው ሙልሙል ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። መንገዱን ለወጥኩት። ሁሉም ተከተለኝ። ጓደኛዬም አብሮን እየዘፈነ ነበር፤ የራሱን እናት አልፏት ከእኛ ጋር ሄደ።

በሴሚስተሩ እረፍት አገር ቤት ስሄድ መጀመሪያ ወደ የኔታ ነው የሄድኩት። አርጅተዋል፣ ግን ጉባኤው አልተፈታም። ጉልበት ስሜ ተቀመጥኩ።

"የኔታ፣ ሰምና ወርቅ ለምን ሰምና ወርቅ ተባለ?"

"ከወርቅ ሠሪው የመጣ ነዋ" አሉ፣ ይሄን አታውቅም በሚል ድምፅ። "በሰም ቅርጽ ያወጣል፣ በጭቃ ይመርገዋል፣ ሰሙ ይቀልጣል፣ ወርቁ ይገባል።"

መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሣላቸው አምስቱ ሥዕሎች ቃል በቃል።

"ሲሠራ አይተው ያውቃሉ?"

ዝም አሉ። ዝምታው ረዘም ሲል ያጠፋሁ መሰለኝ። "አላየሁም" አሉ በመጨረሻ። "እኛ ቃሉን ነው የተቀበልነው። እኔ ከየኔታዬ፣ እሳቸውም ከየኔታቸው።" ቀጥለው "የት ይታያል ደግሞ?" አሉኝ። በእጄ ወደ ቁልቁለቱ አሳየኋቸው። ቤቱን ያውቁታል። ከአርባ ዓመት በላይ ቃሉን እያስተማሩ ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበሩ። አልተቆጡም። "ሂድና አይተህ ንገረኝ" አሉ።

ሄድኩ። አንጥረኛው ከወናፉ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" ቀና ብሎ ለአፍታ አየኝ። "አንተ የዚያ የላይ ሰፈሩ ልጅ አይደለህም? ኢንጅነር ሆንክ አሉ።"

"ገና ተማሪ ነኝ።"

ሚስቱ ጠላ አመጣችልኝ። ቅኔ ላይ ኅብር የሚባል አለ፣ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ። ለእኛ አገር ኅብር ለመሥራት "ጠላ" የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል፤ ይጠጣልም፣ ሰውም ሰውን ጠላ ይባላል። ጠጣሁት። ጀግንነት አይደለም፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ የመጀመሪያውን ጉንጭ ስውጥ የእናቴን ድምፅ እየሰማሁ ነው የዋጥኩት።

በሰም መሥራት ከተወ ቆይቷል። ጊዜ ይፈጃል፣ ገዢው ርካሽ ይፈልጋል። ሆኖም አየት ሊያደርገኝ ፈቀደ፤ ጭቃው በጥላ መድረቅ ስላለበት ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።

መጀመሪያ ሰሙን በእጁ ሙቀት ብቻ አለሰለሰው። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ግን ለጣት ይታዘዛል። ትንሽ የአንገት መስቀል ሠራ፣ ውስጡን በቢላ ጫፍ እየፈለፈለ ሐረግ አወጣለት። በአንድ ጠርዙ ቀጭን የሰም ዘንግ ለጠፈበት፣ ሰሙ የሚወጣበትና ብሩ የሚገባበት መንገድ ነው። ከዚያ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ጭቃ ስስ አድርጎ ቀባው፤ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ወፍራሙን ደረበበት። ስስ የሆነው ለምን መጀመሪያ እንደሚቀባ አውቃለሁ፤ የሰሙን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ተምሬዋለሁ። መስቀሉን ከሚፈለገው ትንሽ ወፈር እንዳደረገውም አየሁ። ለምን ስለው "ብር ሲበርድ ይሰበሰባላ" አለኝ። እኛ ለዚህ ሠንጠረዥ አለን፣ በመቶኛ የተቀመጠ። እሱ ያለው አውራ ጣቱ ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጭቃውን በአፉ ደፍቶ ከሰሉ ላይ አደረገው። ሰሙ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወጣ፣ ጢሱ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሸታል። አንድ የተሰበረ አሮጌ አምባር ማቅለጫው ውስጥ ከተተ፣ ወናፉን እኔ ነፋሁ። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ነው፣ ወርቅ በ1064። እሱ ዲግሪ አያውቅም፤ ቀለሙን አይቶ "አሁን" አለ።

ጭቃውን በመዶሻ ሲሰብረው መስቀሉ ጥቁርና ሸካራ ሆኖ ወጣ። በጣም ያስደነገጠኝ ግን ጀርባው ላይ ያለው ነገር ነው፤ የጣቱ አሻራ። ሰሙን ሲይዝ የቀረች መስመር በሙሉ ብሩ ላይ አለች።

"ይሄስ?" አልኩት።

"ወርቁም ብሩም ምን ያውቃል ልጄ" አለ እየሳቀ። "ሰሙ ያለውን ነው የሚደግመው።"

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ የተማርኩት ትርጉም የተናደው እዚህ ላይ ነውና። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተነገረን ሰም ማለት ልብስ፣ ሽፋን፣ መደበቂያ ነው፤ ገላልጠህ ትጥለውና ወርቁን ታገኛለህ። አንጥረኛው ዘንድ ግን ሰሙ ወርቁን ሸፍኖት አያውቅም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አብረው ተገኝተውም አያውቁም። ሰሙ ልኩ ነው፣ የወርቁ ቅርጽ በሙሉ አስቀድሞ እዚያ ላይ ተወስኗል። ሰሙ የተንጋደደበት ቦታ ወርቁም ይንጋደዳል።

አመሻሹ ላይ ይህን ለየኔታ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰሙ ያልተስተካከለ ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪን ምሥጢሩ የፈለገውን ያህል ቢጠልቅ እንደሚመልሱት ነገሩኝ። የሰሙ ዓረፍተ ነገር በሰምነቱ ሙሉ ካልሆነ፣ ወርቁ መቆሚያ የለውም። ከሁሉ የሳባቸው ግን ሌላ ነገር ነው።

"ጭቃውን ይሰብረዋል ነው የምትለኝ?"

"አዎ፣ ይሰብረዋል።"

"እንግዲያ ያንኑ መልሶ ሊሠራው አይችልም።"

"በዚያ ጭቃ አይችልም።"

እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ቅኔ አንድ ጊዜ በማኅሌት ከተባለ አይደገምም፣ ባለቅኔው ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይቆጥራል። ይህን ሕግ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀውታል፣ ከጭቃው ጋር ግን አያይዘውት አያውቁም። አንጥረኛው ምን ይላል፣ እሱስ ምን አለ እያሉ ሲጠይቁኝ መሸ። የእጅ መስቀላቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ማን እንደሠራው ጠየቅኳቸው። "የዚያው ሰውዬ አባት" አሉ፣ ቀስ ብለው። መንደሩ በሙሉ፣ እናቴም እኔም፣ ስንሳለመው የኖርነው መስቀል ነው።

ሳይንስ ኪነ ጥበብን ረዳ ወይስ ኪነ ጥበብ ሳይንስን የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከዚያ ምሽት ወዲህ ትንሽ ያስቀኛል። በእኛ አገር በመካከለኛው ዘመን ከተሠሩት የነሐስ መጾር መስቀሎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው። እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማውጣት ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ውበት የፈለገ ሰው ነው አንጥረኛውን ወደ ሰም የሚገፋው። ጥበቡ ጠየቀ፣ ሙያው መለሰ፤ ሙያው ደግሞ ለቅኔ ስሙን ሰጠ። ቅኔ ከእጅ ሥራና ከተፈጥሮ የተዋሰው ይህን ብቻም አይደለም። ውስጠ ወይራ የሚባል አለ፣ ወይራን ከላይ አይቶ ከፈለጠው በኋላ ሌላ ሆኖ ያገኘው ሰው ያወጣው ስም መሆን አለበት። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ዊልያም ታጋርት የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም የጌጥ ሠሪዎችን የሰም ዘዴ ለወርቅ ጥርስ አዋለው፤ ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሞተር ፋብሪካዎች ወሰዱት። ተርባይኑ የጌጡ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የእኛው አፈወርቅ ተክሌም ለማዕድን ምህንድስና ወደ እንግሊዝ ተልከው ሰዓሊ ሆነው ነው የተመለሱት። ስማቸው ራሱ ይጠራቸው ነበር መሰል።

እኛ ጋ ግን ልዩነቱ ስሙን ወስደን ሰውየውን ደጅ ማስቀረታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ያን ቅል እናቴ የሰበረችው አዋጁ ከወጣ ዘጠና ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ምህንድስናዬን ጨረስኩና እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ሥራ ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው። አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። እዚህ ሙያ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው የዶናልድ ሌቪንን "ሰምና ወርቅ" ያነበብኩት። አሜሪካዊ ሶሺዮሎጂስት ነው፣ መጽሐፉ በ1965 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። በአጭሩ የአማራ ባህል ድርብ ንግግርን እንደሚወድ፣ ዘመናዊነት ግን አንድ ነገር አንድ ብቻ እንዲሆን እንደሚጠይቅና ሁለቱ እንደሚጋጩ ይሞግታል። ሳነበው ተናደድኩ። ቀጥሎ ያለው ሰኞ ላይ አንድ ደንበኛ የሠራሁትን ሲስተም አይቶ "በጣም ቆንጆ ነው፣ እናያለን" አለኝ። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። "አንፈልገውም" ማለቱ ነበር። ያን ቀን ሌቪን በግማሽ ገባኝ።

በግማሽ ብቻ የምለው ግን በምክንያት ነው። "እናያለን" ቅኔ አይደለም፣ ድፍን ነው። ምንም ማለት ስለማይፈልግ ነው ሁለት የሚመስለው። ቅኔ ሁለት ጊዜ ትክክል መሆን ነው፤ ሰሙም በሰዋስዉ ይቆማል፣ ወርቁም ይቆማል፣ አንዱ ከወደቀ የኔታ ይመልሱታል። ይሄ እኔ ከምሠራው ሥራ ብዙም አይርቅም። የምጽፈው ኮድ ለማሽኑ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መቆም አለበት፤ ከእኔ በኋላ ለሚያነበው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር፣ ሐሳቡን፣ መናገር አለበት። ሁለቱንም በአንድ መስመር። ይሄን ልማድ ዩኒቨርሲቲ አልሰጠኝም። ቢሮ ስለው ጓደኞቼ "ገጣሚው መጣ" ይሉኛል፣ ይበሉ።

አንጥረኛው ያን ጊዜ ስሰናበተው ሁለት ነገር ሰጥቶኝ ነበር፤ ለማሳያ የሠራትን ትርፍ የሰም መስቀልና የልጁን ስልክ ቁጥር። ሰሟን ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከትቼ አውቶብስ ተሳፈርኩ። ደጀን ስንደርስ መስቀል ነበረች። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን ጎሃ ጽዮን ስደርስ ኪሴን የመሰለች ነገር ሆናለች።

ስልክ ቁጥሩን ግን አልደወልኩበትም። ዓመት ከስንት ወር አለፈ። ተመርቄ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው የደወልኩለት። ምናለሽ ተራ አጠገብ ብረት ሥራ ቤት ነው የሚሠራው፣ በርና መስኮት ይበይዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ተገናኘን፣ ተቃቀፍን፣ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። ያቺን የተጨፈለቀች ሰም ከቦርሳዬ አወጣሁና ሁሉንም ነገር፣ ተርባይኑን፣ የኔታን፣ ሌቪንን፣ በአንድ ትንፋሽ አወራሁለት። ሰም ልብስ አይደለም፣ ልክ ነው እኮ አልኩት።

ጨርሼ ዝም ስል "ይሄን እኛ ቤት ሕፃኑም ያውቀዋል" አለኝ። "እናንተ ናችሁ ሳትገቡ የቀራችሁት።"

"የቡሄ ለቱን ታስታውሰዋለህ?" አልኩት። ይህን ለመጠየቅ ነበር የመጣሁት።

"ግጥም አውጪው አንተ ነበርክ።"

"አዎ።"

"ማታ ቤት ስገባ እማዬ ሙልሙሉን ለእኔ አስቀምጣልኝ ነበር። ሁሉንም።" ቀና ብሎ አላየኝም። ሰሟን አንስቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ያሻት ጀመር፣ ሳያስበው፣ ልክ እንደ አባቱ። ይቅርታ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን እንዳልሰማ ማለፉ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

ተጋቢኖው መጣ። እጃችንን ታጥበን ከአንድ ትሪ በላን። ሰዓቱ ደርሶበት ስለነበር ቶሎ ቶሎ ነው የበላው፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል ብለን ትንሽ ተጓተትንና እሱ ከፈለ። ልንወጣ ስንል ሰሟ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ኪሱ ከቷት ይሁን አስተናጋጇ ጠርጋት፣ አልጠየቅኩትም።